ምልክት የያዘ ስኳርና የጤፍ በላተኛ ትንፋሽ



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ድልድዩን በመሻገር ወደ ዓባይ ማዶ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠውን ሸንኮራ አገዳ፣ በየቤቱ የሚጋገረውን የጤፍ እንጀራ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ጠረፍ ዞር ቢል ደግሞ ታንኳ የሚታሰርበትን ደንገል ማየቱ አይቀርም። እነዚህ ሦስቱ ዕፀዋት፣ አንዱ የሚመጠጥ፣ አንዱ የሚበላ፣ አንዱ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ በመሆናቸው በአገልግሎታቸው የማይገናኙ ቢመስሉም፣ ከአየር የሚስቡትን ካርቦን ወደ ስኳር በሚለውጡበት ጥበብ ግን አንድ ወገን ናቸው፤ ይህም ወገንነታቸው በዓይን የማይታይ፣ በምላስ የማይለይ፣ በረቂቅ መሣሪያ ብቻ የሚነበብ ምልክት በሥጋቸው ላይ አትሞ ይገኛል። የዛሬው ንግግራችን፣ ጠቢባን ይህን በመሰለ ምልክት እየተመሩ አንድ ሰው የበላው ስኳር በሰውነቱ ውስጥ ወዴት እንደ ሄደ፣ ምን ያህሉ እንደ ነደደ፣ ምን ያህሉስ ለሌላ ጊዜ እንደ ተቀመጠ የሚመረምሩበትን መንገድ፣ ይልቁንም ይህ መንገድ ጤፍ በላተኛ በሆነው በእኛ ሕዝብ ዘንድ ምን የተለየ ነገር እንደሚያጋጥመው የሚመለከት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ ካርቦን የሚባለው ንጥረ ነገር በባሕርይው አንድ ሆኖ ሳለ የአቶሞቹ ክብደት ግን አንድ አይደለም። ከመቶው 98.9 የሚሆነው በማእከሉ 6 ፕሮቶንና 6 ኒውትሮን ያለው ካርቦን 12 ሲሆን፣ የቀረው 1.1 ያህሉ አንድ ኒውትሮን ጨምሮ የያዘው ካርቦን 13 ነው፤ ከእነዚህም ሌላ፣ እጅግ በጣም ጥቂት የሆነ፣ ጨረር እየሰጠ ቀስ በቀስ የሚያልቅ፣ ግማሹም በ5,730 ዓመት የሚጠፋ ካርቦን 14 አለ። እንዲሁ ሃይድሮጅን፣ አሜሪካዊው ሃሮልድ ዩሬ በ1931 ያገኘው፣ ክብደቱ እጥፍ የሆነ ዲውቴሪየም የሚባል ወንድም አለው። እንዲህ በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ሆነው በክብደት የሚለያዩትን አቶሞች አይሶቶፕ ይሏቸዋል። ሕያው አካል ቀላሉንም ከባዱንም እንደ አንድ ተቀብሎ በአንድ መንገድ ይመራቸዋል፤ የሚያደርገው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሚዛኑን በእጁ የያዘው መርማሪ ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ ያውቃቸዋል። የጥበቡ ምሥጢር ሁሉ በዚህ ላይ ያረፈ ነው።

ግሉኮስ፣ ማለት በደማችን የሚዘዋወረው ዋናው ስኳር፣ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ተጋጥመው የሠሩት፣ ክብደቱ 180 የሆነ ሞለኪዩል ነው። ስድስቱም ካርቦኖቹ በካርቦን 13 ቢተኩ ክብደቱ 186 ይሆናል፤ በስድስተኛው ካርቦን ላይ ያሉት ሁለት ሃይድሮጅኖች ብቻ በዲውቴሪየም ቢለወጡ 182 ይሆናል። ጣዕሙ ያው ነው፤ ጉበትም፣ ጡንቻም፣ አንጎልም እንደ ወትሮው ይቀበሉታል። እዚህ ላይ አድማጮቻችን በጥብቅ እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር፣ ካርቦን 13ም ሆነ ዲውቴሪየም ጨረር የማይሰጡ፣ በምንጠጣው ውኃና በምንበላው እህል ውስጥ ከፍጥረት ጀምሮ ያሉ መሆናቸውን ነው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ በተለካ መጠን ለእርጉዝ ሴትም ለአራስ ሕፃንም ሊሰጡ ችለዋል።

ይህን መንገድ በመጀመሪያ ያሰበው የሀንጋሪው ተወላጅ ጆርጅ ደ ሄቨሺ ነው። በ1913 በቪየና ከፍሪትዝ ፓኔት ጋር ሆኖ ጨረር ሰጪውን እርሳስ ከተራው እርሳስ ጋር በመቀላቀል ዱካውን ተከታተለ፤ በ1923 ደግሞ የባቄላ ተክል እርሳሱን ከሥሩ ወደ ቅጠሉ እንዴት እንደሚያወጣው አሳየ፤ ለዚህም ሥራው የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይሁን እንጂ እርሳስ የምግብ ወገን አይደለምና፣ ጥበቡ ወደ ሰውነት ምግብ የተሻገረው ከናዚ ጀርመን ተሰድዶ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተጠጋው በሩዶልፍ ሾንሃይመር እጅ ነው። እርሱና ባልደረባው ዴቪድ ሪተንበርግ በ1935 በዲውቴሪየም ምልክት የተደረገበትን ስብ ለእንስሳት መግበው ሲመረምሩ፣ ትልቅ ሰው አንዴ አካሉ ከተሠራ በኋላ ምግቡን እንደ ማገዶ አንድዶ ይጨርሳል ተብሎ ይታመን የነበረው ሐሳብ ፈረሰ፤ የዛሬው ምግብ ከትናንቱ ሥጋ ጋር ሳይቋረጥ ቦታ ሲለዋወጥ፣ አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ሲገባ ተገኘ። በእኔ አስተያየት ባለፈው ምእተ ዓመት ስለ ሰው ሥጋ ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል አስደናቂ የሆነ ጥቂት ነው፤ ሾንሃይመር ግን ሐሳቡን የሚያስረዳው መጽሐፍ በ1942 ታትሞ ሳያየው በ1941 ዐረፈ።

ስኳርን በተመለከተ ታላቁ በር የተከፈተው ማርቲን ኬመንና ሳም ሩበን በካሊፎርኒያ በርክሌይ የካቲት 1940 ካርቦን 14ን ባገኙ ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሜልቪን ካልቪን፣ አንድሩ ቤንሰንና ጄምስ ባሻም ይህን ካርቦን በአረንጓዴ የውኃ ዕፅ ላይ እየነፉ፣ በየጥቂቱ ሴኮንድ እያቆሙ፣ ዕፅዋት በብርሃን ኃይል ስኳር የሚሠሩበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አነበቡት፤ መጀመሪያ የሚታየውም ሦስት ካርቦን ያለው ውሁድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለዕፅዋት ሁሉ የሚሠራ ሕግ ነው ተብሎ ሲታመን፣ በሐዋይ የሸንኮራ አገዳ ተመራማሪዎች የነበሩት ኮርትሻክ፣ ሃርትና በር በ1965፣ በአውስትራሊያ ብሪዝበን ደግሞ ሃችና ስላክ በ1966፣ በአገዳ ቅጠል ላይ ምልክት ያለው ካርቦን መጀመሪያ የሚታየው አራት ካርቦን ባለው አሲድ ውስጥ መሆኑን ገለጡ። ባለ ሦስት ካርቦኖቹ ዕፀዋት ከባዱን ካርቦን 13 አጥብቀው ይሸሻሉ፤ ባለ አራት ካርቦኖቹ ግን ብዙም አይሸሹትም። ስለዚህ ሊቃውንት ከታወቀ መለኪያ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ የስንዴ፣ የገብስ፣ የሩዝ፣ የድንች፣ የባቄላ፣ የሽምብራና የኑግ ካርቦን 13 ከመለኪያው በሺህ 27 ገደማ ሲያንስ፣ የሸንኮራ አገዳ፣ የበቆሎ፣ የማሽላ፣ የዳጉሳ፣ የደንገልና የጤፍ ግን በሺህ 13 ገደማ ብቻ ያንሳል። ይህ ከ100,000 የካርቦን አቶም ውስጥ ወደ 15 የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ ለእጅ ሚዛን ምንም አይደለም፤ አይሶቶፕ ለሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ግን ግልጥ ጽሑፍ ነው።

አንድ ነገር በመካከል ላስገባ። ይኸው ልዩነት ማር የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎችን ይመለከታል፤ ንብ የምትቀስመው አበባ አብዛኛው ከባለ ሦስት ካርቦን ወገን ስለ ሆነ፣ በማር ላይ የአገዳ ስኳር የቀላቀለ ሰው ጣዕሙንና መልኩን ቢያመሳስለውም በካርቦን 13 ይጋለጣል፤ የማሩ ስኳርና በማሩ ውስጥ ያለው የንቧ ፕሮቲን ተነጻጽረው በሺህ አንድ ቢራራቁ፣ ሰባት በመቶ ያህል የአገዳ ወይም የበቆሎ ስኳር እንደ ገባበት ይቆጠራል። የጎጃም ማር ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ የሚጠብቀው ምርመራ አንዱ ይህ ነውና፣ ማር አምራቾቻችን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ወደ ሰው እንመለስ። በደማችን ያለው ግሉኮስ መጠኑ ለብዙ ሰዓት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን አለመለወጡ አለመንቀሳቀሱን አያሳይም፤ በአንድ በኩል ጉበት ያፈስሰዋል፣ በሌላ በኩል አንጎልና ጡንቻ ይወስዱታል። ታዲያ የፍሰቱ ፍጥነት እንዴት ይታወቃል? ወደ ወፍጮ አፍ ሳያቋርጥ የሚወርድ ነጭ ጤፍ አለ እንበል፤ መጠኑን ማንም አልለካውም። በላዩ ላይ በየደቂቃው አንድ ስኒ ቀይ ጤፍ ሳናዛንፍ ብንጨምርና፣ ከታች የምናገኘው ሰርገኛ ከሃምሳ አንዱ ቀይ ሆኖ ቢገኝ፣ የነጩ ጤፍ ፍሰት በደቂቃ 49 ስኒ መሆኑን ሳንሰፍረው አወቅነው ማለት ነው። መርማሪዎቹም ዲውቴሪየም ያለበትን ግሉኮስ በደም ሥር በኩል በተወሰነ ፍጥነት እያንጠባጠቡ፣ በደም ውስጥ ያለው ድርሻ ሲረጋ ይለኩታል። በዚህ ልኬት መሠረት ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ጤነኛ ሰው ጉበቱ በደቂቃ ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 2 ሚሊግራም ያህል ስኳር ያወጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 7 ግራም መሆኑ ነው። ዴኒስ ቢየርና ባልደረቦቹ በ1977 ይህንኑ በሕፃናት ላይ ሲለኩት፣ የአራስ ልጅ ፍሰት በኪሎ ሲሰላ ከትልቅ ሰው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት፤ ምክንያቱም ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር የሕፃን አንጎል እጅግ ትልቅ ነው። አራስ ሕፃን ጡት ሳይጠባ ብዙ ሰዓት መቆየቱ ለምን እንደሚያሰጋ ከዚህ የበለጠ ግልጥ የሚያደርግ ቁጥር አላውቅም።

ስለ ጾም ደግሞ ሊነገር የሚገባው አለ፤ የጣና ገዳማትና አድባራት ባሉበት በዚህ አገር ጾም የጥቂት መነኮሳት ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ሥርዓት ነውና። በክሊቭላንድ የነበረው በርናርድ ላንዳውና ባልደረቦቹ በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ጤነኞች ሰዎች ጥቂት ከባድ ውኃ፣ ማለት ዲውቴሪየም ያለበት ውኃ፣ ጠጥተው እንዲጾሙ አደረጉ። ጉበት አስቀድሞ ካከማቸው፣ ግላይኮጅን ከሚባለው የስኳር ክምችት የሚያወጣው ስኳር ዲውቴሪየሙን በሁለተኛው ካርቦኑ ላይ ብቻ ይይዛል፤ ከፕሮቲንና ከስብ ፍርፋሪ አዲስ የሚሠራው ስኳር ግን በአምስተኛውም ላይ ይይዛል፤ የሁለቱ ንጽጽር የአዲሱን ስኳር ድርሻ ይነግራል። በ14 ሰዓት ጾም ከሚወጣው ስኳር ግማሹ ያህል፣ በ22 ሰዓት ሁለት ሦስተኛው፣ በ42 ሰዓት ከመቶ 93 የሚሆነው አዲስ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በዐቢይ ጾም ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በልቶ በማግሥቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው 19 ሰዓት ጾሟል፤ ግላይኮጅኑ እያለቀ፣ የጉበቱ አዲስ ሥራ እየበዛ ከሚሄድበት ማእከል ላይ ይገኛል ማለት ነው። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን ቀምሶ እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚያከፍል ምእመን ከ42 ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ በደሙ የሚዘዋወረው ስኳር ሁሉ ለማለት ይቻላል፣ ጉበቱ ከሌላ ነገር የሠራው ነው። የላንዳው ሰዎች የጾሙት ለምርመራ ሲሉ ነበር፤ በልጅነቱ ጾም የለመደ፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው ጉበት ከእነርሱ የተለየ ልማድ ያዳብር እንደ ሆነ መጠየቅ ደግሞ የእኛ የኢትዮጵያውያን ድርሻ ይመስለኛል፤ ከእኛ የበለጠ የሚቀርበው የለምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ። ግሉኮስ በሰውነት ሲነድድ ካርቦኑ በትንፋሽ ይወጣል፤ ስለዚህ ካርቦን 13 ያለበትን ስኳር የጠጣ ሰው ትንፋሹን በብልቃጥ ቢሰጥ ስኳሩ ምን ያህል እንደ ነደደ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በላቦራቶሪ የተዘጋጀው ካርቦን 13 ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ላክሯና ለፌብቭር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1973 ያሳተሙት የቤልጅግ ሥራ ያሳየው፣ የበቆሎ ግሉኮስ ራሱ በተፈጥሮ ምልክት የተደረገበት መሆኑን ነው፤ ስንዴና ድንች፣ የሣር ከብት ሥጋና ወተት የሚመገበው አውሮጳዊ ሥጋው ቀላል ካርቦን ስለ ሆነ፣ የበቆሎ ስኳር ሲጠጣ ትንፋሹ ወዲያው ይከብዳል፤ የሚነድደውም ስኳር በዚያ ይቆጠራል። እጅግ ያማረ ጥበብ ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ እንዳለ አንሥተን በዓባይ ማዶ ለሚኖር ሰው ብናደርገው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ሲበላ የኖረ ሰው፣ ሥጋውም ስቡም ትንፋሹም አስቀድሞ ወደ በቆሎው ወገን ያዘነበለ ነው። ስኳሩ የሚያመጣው ልዩነት ይጠብባል፤ የእኛ ሰው ስኳሩን በደንብ እያነደደ ሳለ አላነደደም ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ምልክቱ አልጠፋም፤ እኛው ራሳችን ምልክት የያዝን ሆንን።

በዚያ ላይ የጣና ዳር ማእድ አንድ ወጥ አይደለም። እንጀራው ከባዱን ካርቦን ሲያመጣ፣ ሽሮው፣ የባቄላው ክክና የኑጉ ዘይት ቀላሉን ያመጣሉ። ከሐይቁ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ከተስፋፋ፣ በወረታም የሩዝ ምርምር ማእከል ከተተከለ ወዲህ ደግሞ፣ ብዙ እናቶች የጤፍ ዋጋ ሲንር የሩዝ ዱቄት ቀላቅለው ይጋግራሉ፤ እንጀራው በመልኩ ሲነጣ፣ በካርቦኑም ወደ ቀላሉ ወገን ይሳባል። ከዚህም ሌላ ስብ ከስኳር ይልቅ ካርቦን 13 የሚያንሰው ስለ ሆነ፣ ሰው ሲጾም ወይም ሲደክም ከስኳር ወደ ስብ ሲሻገር የትንፋሹ መነሻ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ ሳይጽፍ ናሙና የሚሰበስብ መርማሪ ድካሙ በከንቱ ነው።

ይህ ግን በእኔ እምነት እንቅፋት ብቻ ሳይሆን ዕድልም ነው። ከበቆሎ ይልቅ ከድንች፣ ከስንዴ ወይም በአውሮጳ ከሚበቅለው የስኳር ቀይ ሥር የተሠራ ስኳር ለጤፍ በላተኛ ቢሰጥ፣ ትንፋሹ በመክበድ ፋንታ ይቀልላል፤ ጥበቡ ተገልብጦ ይሠራል። ሁለት ቤተ ሰቦች፣ አንዱ ከጤፍ ብቻ የተጋገረ እንጀራ፣ ሌላው የሩዝ ቅልቅል ቢበሉ፣ ከማእዳቸው የመጣው ልዩነት በትንፋሻቸው፣ ወራት ካለፈም በኋላ በጠጉራቸው ይነበባል፤ ሰው ምን እንደ በላ በቃል ከመጠየቅ ይልቅ ይህ የታመነ ምስክር ነው።

ለሕሙማን ያለው ጥቅም ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጄራልድ ሹልማንና ባልደረቦቹ በ1990 በካርቦን 13 ምልክት የተደረገበትን ግሉኮስ ሰጥተው በማግኔት መሣሪያ የሰዎችን ጡንቻ ሲመለከቱ፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስኳሩን ግላይኮጅን አድርገው የሚያከማቹበት ፍጥነት ከጤነኞቹ ከግማሽ በታች መሆኑን አረጋገጡ። በ1976 በፔንሲልቬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው ፍሎሪን 18 የያዘ ስኳርም ዛሬ በብዙ አገር ካንሰርን ለመፈለግ ያገለግላል፤ እርሱ ግን ጨረር ሰጪ፣ ግማሹም በ110 ደቂቃ የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ የሚሠራበት መሣሪያ ካጠገብ ካልኖረ የሚሆን አይደለም።

በሐይቁ ሰሜን በጎንደር የስኳር ሕሙማንን ሲከታተሉ የኖሩ ሐኪሞች፣ ከገጠር የሚመጡ፣ ወጣቶችና ቀጭኖች፣ አብዛኞቹም ወንዶች የሆኑ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በብዛት እንዳሉ ገልጠዋል፤ በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጦት ጋር የሚያያዘውንም የስኳር ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ዓይነት 5 ብሎ ሰይሞታል። በእነዚህ ሕሙማን ጉበት ስኳር አብዝቶ ያወጣ እንደ ሆነ፣ ወይስ ጡንቻ አልቀበል ብሎ እንደ ሆነ፣ ወይስ ጥፋቱ ከኢንሱሊን ማነስ ብቻ እንደ ሆነ፣ በደም ስኳር ልክ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ዲውቴሪየም ያለበት ግሉኮስ ግን የጉበትን ፍሰት ከጡንቻው ፍጆታ ለይቶ ያሳያል፤ መድኃኒቱም በዚያ መጠን ይመረጣል።

በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጥናት ቢጀመር፣ ስኳሩ ከመሰጠቱ አስቀድሞ የእያንዳንዱ ሰው ትንፋሽ መያዝ፣ የጾም ወይም የፍስክ ወቅት መሆኑ መመዝገብ፣ ከዋዜማው ጀምሮም ሁሉም አንድ ዓይነት እንጀራ እንዲበሉ ማድረግ ይገባል። ትንፋሹ በጥብቅ በሚዘጋ የመስተዋት ብልቃጥ ከተያዘ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያልና፣ የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር እዚሁ ባይኖር እንኳ ናሙናው ወዳለበት ሊላክ ይችላል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን፣ እናት የጠጣችው ጥቂት ከባድ ውኃ በሕፃኑ ምራቅ ውስጥ ሲገኝ፣ ልጁ የጠባው ወተት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቅበትን መንገድ እንመለከታለን።